የወይዘሮ አማረች ምላስ

«የይፋጓን ሴትዮ ሰምታችኋል?»

በዚያ ጥር ወር ወይዘሮ አማረች ይህን ያልጠየቁት ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ የቀረ አይመስልም። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁትን ጠይቀዋል፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ አብረዋቸው የሚያዘግሙትን ጠይቀዋል፤ ባጃጅ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠውን የማያውቁትን ሰው እንኳ ጠይቀዋል። መልስ አይጠብቁም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ይቀጥላሉ።

«ይፋግ ከተማ ውስጥ በአዋዜዋ አገር ያወቃት ባለሙያ ነበረች። አንድ ትልቅ ኩባንያ መጣና ‹እናሳድግሽ› አላት። ድስቷን ፎቶ አነሱ፤ ቅመሟን በሚዛን ለኩ፤ እጇ ሲያሽ ሳይቀር ቀረጹ። ከዚያ ‹እግዜር ይስጥልን› ብለው ሸኟት። ዛሬ በእነዚያው ፋብሪካ ውስጥ በቀን ሥራ በርበሬ ትቀነጥሳለች።»

ወሬው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይደልብ ነበር። መጀመሪያ ሴትዮዋ በርበሬ ቀንጣሽ ነበረች፤ በሳምንቱ ወለል ጠራጊ ሆነች፤ በሦስተኛው ሳምንት ባሏም ትቷት ሄደ። ወሩ ረዘም ቢል ኖሮ ምስኪኗ ሳትቀበር አትቀርም ነበር።

ወሬው ለአገር ቢነገርም የታለመው ለአንድ ሰው ነው፤ ለእኅታቸው ልጅ ለሰላማዊት። ያን ጊዜ በሰማችው ቁጥር ጥርሷን ትነክስ ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ ብትሰማው ምን ባልሰጠች።

ሰላማዊትን ያሳደጓት እኚሁ አክስቷ ናቸው። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቤይሩት ሄዳ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። ስትመለስ ግን ከብዙ ባለ ዲግሪ ይልቅ ታነብ ነበር። አሠሪዋ የጣለቻቸውን የምግብ አሠራር መጻሕፍት ከቆሻሻ አንሥታ፣ መጀመሪያ ሥዕሉን እያየች፣ በኋላ ቃሉን በስልኳ እየፈታች ጨርሳቸዋለች። ማንም ስላላስተማራት ማንም ሊያርማት አይችልም ነበር። ይህ ጠባይ ብዙ ቦታ አድርሷታል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ዋጋ አስከፍሏታል።

ወይዘሮ አማረች በደብረ ታቦር ገበያ ሠላሳ ዓመት ግብጦ ሸጠዋል። ግብጦ እንደ ሽምብራ ተቆልቶ ወዲያው አይበላም። ከተቆላ በኋላ ጆንያ ውስጥ ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ አምስት ቀን መተኛት አለበት፤ ምሬቱን የሚለቀው ያኔ ነው። ያልለቀቀ ግብጦ ራስ ያዞራል፤ ሆድ ይበጠብጣል። ታዲያ «ለቋል፤ ይውጣ» የሚለው ማን ነው? ምላስ ነዋ። በእነ ሰላማዊት ቤት ያ ምላስ የወይዘሮ አማረች ነበር። አንዲት ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ሰብረው፣ ከምላሳቸው ሥር አቆይተው፣ ካልተፉ በቀር አንድም ጆንያ ከወንዝ አይወጣም።

ሰላማዊት ከቤይሩት ስትመለስ ይህንኑ ግብጦ በእርድና በሚጥሚጣ አጣፍጣ፣ በትናንሽ ከረጢት አሽጋ፣ «የአማረች ግብጦ» የሚል ወረቀት ለጠፈችበት። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ሴቶች ቀጠሩ። ከዚያ ወዲያ ግን ሥራው ከአንድ በር ፊት ቆመ። የባሕር ዳር ትልልቅ መደብሮች «ጥሩ ነው፤ የላቦራቶሪ ማረጋገጫውስ?» ይላሉ። ማረጋገጫው የለም። በዚያ ላይ አዲስ የመጡ አሻጊዎች ገበያውን ከሥር ከሥር እየበሉባቸው ነበር። እንዲሁ ቢቀጥል ከሁለት ጾም በላይ እንደማይዘልቁ ሰላማዊት ታውቃለች። አራቱ ሴቶችም ያውቁ ነበር፤ አፍ አውጥተው ግን አይናገሩትም።

በጥር መጀመሪያ ከባሕር ዳር ባዶ እጇን ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መነጽር ያደረገ አንድ ጎልማሳ አጠገቧ ተቀመጠ። ከከረጢቱ ዘግና አቀበለችው። ቀመሰ፤ ከረጢቱን ተቀብሎ ወረቀቱን አነበበ።

«ይህን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ መረረህ?»

«አልመረረኝም። የገረመኝም እሱ ነው።»

ዋልልኝ ይባላል። አንድ የብስኩት ኩባንያ ባሕር ዳር ላይ የከፈተው ማዕከል ሠራተኛ ነው። ማዕከሉ ጀማሪ የምግብ ሥራዎችን ለአንድ ዓመት ተቀብሎ ያበለጽጋል፤ ኢንኩቤተር ይሉታል።

«ኢንኩቤተር? የጫጩቱ ማሽን?»

«ስሙ የመጣው ከዚያ ነው» አለ እየሳቀ።

«እሺ። ከተፈለፈልን በኋላ የማን ዶሮዎች ነን?»

ሰውዬው ሳቁን አቆመ። ወረታ እስኪደርሱ ድረስ ይህን ጥያቄ ሲመልስላት ቆየ፤ መልሱ ግን እሷን አላጠገባትም። ሲለያዩ ባለ ስድስት ገጽ ውል ሰጣት። መልስ የሚሰጠው እስከ ጥር ሠላሳ ነው። ንግድ ፈቃዱ በአክስቷ ስም ስለ ነበረ የሚፈርሙት ወይዘሮ አማረች ናቸው። ወይዘሮ አማረች ደግሞ ውሉን ገና ሳይሰሙ የይፋጓን ሴትዮ ሰምተው ነበር።

ጥር ሃያ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ ጧት፣ አክስትና ልጅ ጆንያ ሊያዩ በጋፋት በኩል ወደ ወንዙ ወረዱ። ከድንጋዩ ላይ አረፍ እንዳሉ ወይዘሮ አማረች ጀመሩ።

«የይፋጓ ሴትዮ…»

«እትዬ፣ ትናንት ይፋግ ሄጄ ነበር።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ሴትዮዋን ልፈልግ። ገበያውን አዳረስኩት። በርበሬ ሻጮቹ ‹እሷማ የወረታ ናት› አሉኝ። ወረታ ወረድኩ። እዚያ ደግሞ ‹ተሳስተሽ ነው፤ ሴትዮዋ የደብረ ታቦር ናት፤ የምትሸጠውም ግብጦ ነው› አሉኝ።»

ወይዘሮ አማረች ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

«እንዴዋ! እኔው ነኛ! በርበሬ እየቀነጠስኩ ነው በይኛ!»

«ጋሼም ትተውዎት ሄደዋል።»

«እሱማ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ፤ ከዚያ ወዲህ የት ይሄድብኛል» አሉና ሳቃቸው ቀስ ብሎ በረደ። «በይ እሺ፤ ሴትዮዋ የለችም። ሴትዮዋ ባትኖር ፍርሃቱ የለም ልትዪኝ ነው?»

«አልልም።»

«እንግዲያው መልሽልኝ። ብስኩት ሻጭ በእኔ ግብጦ ምን አገባው? ዘመዴ አይደለም፤ የክርስትና አባቴ አይደለም።»

«ጽድቅ ፈልጎ ነው ብዬ አላታልልዎትም፣ እትዬ። ብስኩት ገበያ ጠቦበታል። ነገ ሰው ምን እንደሚበላ ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፤ እንደ እኛ ያሉ አሥር ሰዎችን ሰብስቦ የቱ እንደሚያድግ ያያል። ካደገው ላይ ከመቶ አምስት እጅ ድርሻ ይወስዳል። የምንሠራውንም ለሌላ ከመሸጣችን በፊት ለእሱ እንድናቀርብለት ይፈልጋል። ጥቅሙ ይኸው ነው።»

«አየሽ! ጥቅም አለው!»

«አዎ፣ አለው። ጥቅሙን ደብቆ ቢመጣ ኖሮ እኔም እሸሸው ነበር። ጥቅሙን ካወቅን እኮ እስከ የት ድረስ እንደምንሰጠው መነጋገር እንችላለን።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በአገራችን ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ሳያነብ ይፈርማል፤ ሁለተኛው የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ሳያነብ ይቀድዳል። ሁለቱም እኩል አላነበቡም። ወይዘሮ አማረች ፊደል ባይቆጥሩም ከሁለቱም ይሻሉ ነበር፤ የማያነቡትን ይጠይቃሉና።

«ሙያዬን ቢወስዱብኝስ?»

«የትኛውን ሙያ? ቆልቶ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉን ጎጃምም ጎንደርም ያውቀዋል። እኛ ያለን ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ስማችን፣ ሌላው የቅመማችን ልክ። ስሙ የእኛ ሆኖ እንዲቀር እናስጽፋለን። የቅመሙን ልክ ደግሞ አንናገርም፤ ለምርመራ የሚሰጠው የተዘጋጀው ግብጦ ነው እንጂ ቅመሙ አይደለም።»

«መውጫውስ? መግቢያውንማ ሁሉም ያሳምረዋል።»

ሰላማዊት ወረቀቱን ከጉያዋ አወጣች። በዚህ ጥያቄ ላይ ልቧ ትንሽ ፈራ፤ አክስቷ የነኩት እሷን ራሷን እንቅልፍ የነሣትን ነገር ነበርና።

«ሰባተኛው አንቀጽ ክፉ ነው፣ እትዬ። ለሁለት ዓመት ከእነሱ በቀር ለማንም እንዳንሸጥ ይላል። እንዲህ እንዳለ ከሆነ አንቱ ልፈርም ቢሉኝም እኔ አላስፈርምዎትም።»

ወይዘሮ አማረች ቀና ብለው አዩዋት። ልጅቱ ከእሳቸው ጋር ልትስማማ ትችላለች ብለው አላሰቡም ነበር።

«ታዲያ ለምን ታደርቂኛለሽ? እዚሁ ብንቀር ምን እንሆናለን?»

«እንዘጋለን። ዛሬ አይደለም፤ ግን እንዘጋለን። አንቱም ያውቁታል።»

«ሌላ ማዕከልስ የለም? መንግሥት የከፈተው፣ ዩኒቨርሲቲው የከፈተው?»

«ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ጠረጴዛ ይሰጣሉ፤ ኢንተርኔት ይሰጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ‹ማለም ጀምር› የሚል ጽሑፍ አለ። ለስልክ ፕሮግራም ሠሪዎች መልካም ነው። እኛ ጠረጴዛ ላይ ግብጦ እንቆላለን? የምግብ ሥራ ምድጃ ይፈልጋል፤ ማድረቂያ ይፈልጋል፤ ማሸጊያ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ይህኛው አራቱም አሉት። እኔን የሳበኝ የኩባንያው ትልቅነት አይደለም። ‹ለእኛ ሥራ የሚሆን ዕቃ አለው ወይ?› ብዬ ነው የመዘንኩት።»

«ላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ትያለሽ!» አሉ ወይዘሮ አማረች፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ብሎ። «ሠላሳ ዓመት ማንን ራሱን አዞርኩት? ማንን ሆዱን አመመው? ይቺ ምላስ ተሳስታ ታውቃለች?»

ሰላማዊት ይህን ጉዳይ ከወራት ጀምሮ በሆዷ ይዛዋለች። አክስቷ ከመስከረም ወዲህ ወጥ ላይ ጨው ያበዛሉ። ሴቶቹ ምሳ ሲበሉ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ፤ አክብሮት ይዟቸው አይናገሩም። ሰላማዊት ግን የሰው ምላስ በዕድሜ እንደሚደክም አንብባለች። ያነበበችውን ነገር ደግሞ ትታ አታውቅም።

ያን ዕለት ውሃው ውስጥ የነበሩት ሁለት ጆንያዎች ባዩ ከሚባል የታች አገር ገበሬ የተገዛ አንድ ጭነት ናቸው። አንዱን ቅዳሜ አስገብተውታል፤ አምስት ቀኑን ደፍኗል። ሁለተኛውን ሰላማዊት ማክሰኞ ብቻዋን መጥታ ነው ያስገባችው። አክስቷ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?»

ተነሣች። ከሁለቱም ጆንያ በሁለት ሳህን ዘግና አመጣች፤ ፊት ለፊታቸው አስቀመጠች።

«አንዱ ለቋል፤ አንዱ አልለቀቀም። ያልለቀቀውን ያሳዩኝ።»

ወይዘሮ አማረች ሳህኖቹን አዩ፤ እሷን አዩ። ምን እየተደረገ እንደሆነ ገብቷቸዋል። እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ኩሩ ነበሩ፤ ሰላማዊትንም ኩራት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ከመጀመሪያው ሳህን አንድ ፍሬ አንሥተው በፊት ጥርሳቸው ሰበሩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተፉ። አፋቸውን በወንዙ ውሃ ተጉመጠመጡ። ከሁለተኛው ወሰዱ። ቆዩ። ተፉ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ከላይ አንድ ዕረፍት ያጣ ወፍ ይጮሃል።

«ሁለቱም ለቀዋል» አሉ።

«እትዬ፣ ደግመው ይዩት።»

«አየሁት እኮ፣ አንቺ ልጅ። ሁለቱም ለቀዋል። ምሬት የሚባል የላቸውም።»

ሰላማዊት ራሷ አልቀመሰችም። የሁለት ቀን ግብጦ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መቅመስ የሚያስፈልገው ሰው በዚያ አገር የለም፤ ልጅ እያለ አንዴ ሰርቆ በልቶ ግድግዳ ይዞ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

«የቀኙ ሳህን ማክሰኞ የገባው ነው» አለች።

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረ። በኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃለች፤ አልነበረም ለማለትም ሞክራለች። ነበረ። ክርክር የረታ ሰው ደስታ።

ወይዘሮ አማረች ወደ ቀኙ ሳህን ዞሩ። አንድ ፍሬ አነሡ፤ አኘኩ፤ ይህን ግን አልተፉትም፤ ዋጡት።

«ጣፋጭ ነው የሚለኝ» አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ቀጥሎም፣ «ከመቼ ጀምሮ ይሆን? ስንት ሰው አሳምሜ ይሆን፣ ሰላም?»

«ማንም አልታመመም፣ እትዬ። ገና ነው። አሁን ስለ ደረስንበት…»

«በይ ተይው።» ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ሰው በምላሱ ካልታመነ በመሣሪያ ይታመን። ልክ ነሽ። ወረቀቱ መቼ ነው የሚፈረም? መውጫውን አስጽፊ፤ ስሙን አስጽፊ፤ ከዚያ ‹ጣትዎን ያምጡ› በሉኝ።»

ከሁለቱ ሳህን የተረፈውን ሰላማዊት አድርቃ በሁለት ከረጢት አሰረችው፤ አንዱ ላይ «አምስት ቀን»፣ ሌላው ላይ «ሁለት ቀን» ብላ ጻፈች። ላቦራቶሪ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ማስረጃ ይሆናል ብላ ከማመልከቻው ጋር ላከችው። ሽቅብ ሲመለሱ ወይዘሮ አማረች የይፋጓን ሴትዮ አላነሡም። ከዚያ ወዲያም አላነሧትም።

ዋልልኝ በጥር ሃያ ዘጠኝ ደብረ ታቦር ድረስ መጣ። ወይዘሮ አማረች ከፊቱ ተቀምጠው ወረቀቱ ከአፍ እስከ ገደፉ እንዲነበብላቸው አደረጉ።

«ልጄ፣ ከተጣላን በሩ በየት በኩል ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«እማማ፣ አንጣላም።»

«ሳንጣላ ነው በር የሚሠራው። ከተጣሉ በኋላማ ማን ይሠራዋል?»

ዋልልኝ ሁለት ጊዜ ወደ ደጅ እየወጣ ወደ አለቆቹ ደወለ። መጨረሻ ላይ ሰባተኛው አንቀጽ ተሰረዘ። በምትኩ ኩባንያው ምርቱን ቀድሞ የማየት መብት ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲኖረው፣ እነሱም በሦስት ወር ማስታወቂያ መውጣት እንዲችሉ፣ ስሙ የእነሱ ሆኖ እንዲቆይ፣ የቅመሙም ልክ እንዳይጠየቅ ተጻፈ። ከመቶ አምስቱን ግን ኩባንያው አልለቀቀም። «እሱስ ይሁን» አሉ ወይዘሮ አማረች፤ «‹ምንም አልፈልግም› ብሎ ከመጣ ሰው ይልቅ የሚፈልገውን የሚናገር ይሻለኛል።» ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ዋልልኝ ሲወጣ ለሰላማዊት በጆሮዋ፣ «ከአሥሩ ውስጥ ይህን ሁሉ የጠየቀን የለም» አላት። ሰላማዊት ኮራች። ወንዝ ዳር በክርክሩ የረታችው እሷ ነበረች፤ በጠረጴዛው ላይ የረቱት ግን አክስቷ ናቸው። ያን ዕለት ልዩነቱ አልታያትም።

ሥራው ከዚያ ወዲያ ፈጠነ። በወር አንድ ሳምንት ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ማድረቂያው ላይ ትሠራለች፤ ማሸጊያ ትመርጣለች። ወይዘሮ አማረች ግን ወደ ወንዝ መውረድ ተዉ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው አንዲት ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው ሲመጡ፣ «ለእኔ አታምጡ። ምላሴ አርፏል» ይሏቸዋል። ወጥ ሲሠራ ጨዉን ሌላ ሰው እንዲጨምር ያዛሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው «ጣፈጠሽ?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ይጠይቃሉ፤ «ጣፈጠ» ከተባሉ «እንግዲያው ጥሩ ነው» ብለው ይበላሉ። መብላታቸውም እየቀነሰ መጣ። ሠላሳ ዓመት በገበያ መካከል የኖረ ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል፤ ያም መንገድ ምንም አይጠይቀውም።

ሰላማዊት ይህን ሁሉ አየች፤ ዕረፍት ነው ብላ ተረጎመችው። ለታታሪ ሰው ዕረፍት ይገባዋል የሚል መጽሐፍ አንብባ ነበር።

በግንቦት ብርዱ ያዛቸው፤ ሳንባቸው ላይ ወረደ። ሆስፒታል ተኙ፤ ወጡ፤ እንደገና ተኙ። በሰኔ አጋማሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰላማዊት ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰቻቸው ሳለ ከዚያ በላይ በሆዷ ልትይዘው አልቻለችም።

«እትዬ፣ ያን ቀን በወንዙ… ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምኑ?»

«እንደዚያ ስላደረግሁዎት። በሌላ መንገድ ልነግርዎት እችል ነበር።»

«ኧረ ተይ፣ ልጄ።» እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ፈለጋት። «እውነቱን ነው ያሳየሽኝ። እውነት ያሳየን ሰው ይቅርታ አይጠይቅም። እኔን ያሳዘነኝ እሱ አይደለም። ምላሴ ሲሞት ሳላውቅ መቅረቴ ነው። አብሮኝ የኖረ ነገር ሲሄድ ‹ደኅና ሁኚ› እንኳ አላለኝም።»

ሾርባውን በሁለት ማንኪያ ተዉት። ከአራት ቀን በኋላ ዐረፉ።

የደብረ ታቦር ሰው በቀብራቸው ላይ ብዙ ነበር። ግብጧቸውን ያልበላ ስላልነበረ፣ ግማሹ የመጣው ስማቸውን እንኳ ከከረጢቱ ላይ አንብቦ ነው።

አሁን እንግዲህ የተገኘውን ጥቅም እንናገር፤ ነገሩ የተጻፈው ሰው እንዲማርበት ነውና። «የአማረች ግብጦ» ዛሬ አሥራ አንድ ሴቶች ይሠሩበታል። ከባሕር ዳር አልፎ ጎንደር ይሸጣል። ስሙ የራሱ ነው። ጾም ከመግባቱ በፊት ይጠብ የነበረው ገበያም ዛሬ አይጠብም። የተሰረዘው አንቀጽ የጠቀመው እነሱን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ማዕከሉ የገቡት ሁሉ «የእማማ አማረችን በር» ብለው እየጠየቁ ያስጽፉታል። ስለዚህ ትልቅ ኩባንያ «ላሳድግህ» ብሎ የመጣበት ሰው በወሬ ሸሽቶ አይሂድ፤ በደስታም ዘሎ አይግባ። የሚፈልገውን ይጠይቀው፤ ለሥራው የሚሆን ዕቃ እንዳለው ይይ፤ መውጫውን ያስጽፍ። ምላስ ክቡር ነው፤ ነገር ግን ሕዝብ የሚበላውን ነገር በአንድ ሰው ምላስ ላይ ብቻ ማሳደር ለሰውየውም ሸክም ነው፤ ለሕዝቡም አደጋ ነው። ይህን ሁሉ ሰላማዊት ስልጠና በሰጠች ቁጥር ትናገረዋለች፤ በደንብም ትናገረዋለች።

የማትናገረው ሌላ ነው።

የላቦራቶሪው ዋና መሣሪያ ጉምሩክ ላይ ስድስት ወር ቆሞ ነበር። በነሐሴ፣ የወይዘሮ አማረች አርባ በወጣ በሳምንቱ፣ ዋልልኝ ዝናቡን ጥሶ መጣና አንድ ወረቀት አቀበላት፤ በጥር የላከቻቸው የሁለቱ ከረጢቶች ውጤት ነው። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው።

«‹አምስት ቀን› የተባለው ናሙና፤ ምሬት ሰጪው ንጥረ ነገር አልተገኘበትም። ‹ሁለት ቀን› የተባለው ናሙና፤ ምሬት ሰጪው ንጥረ ነገር አልተገኘበትም። ሁለቱም ለገበሬዎች በቅርቡ ከተከፋፈለው፣ ከተፈጥሮው ምሬት ከሌለው የግብጦ ዝርያ የተወሰዱ ናቸው። ይህ ዝርያ ውሃ ውስጥ ባይዘፈዘፍም ጣፋጭ ነው።»